ጎማ ላይ የተቀመጠው ሞተር

አንድ ወጣት ሹፌር ከለገጣፎ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦

«ጋሼ፣ ሰላም ነው? የራሴ ሃይስ አለችኝ፤ ሞተሯ 5ኤል ነው። ፍሪሲዮን ለመቀየር ብለን ሞተሩን ከነካምቢዮው አወረድነው። አሁን ግቢዬ ውስጥ ባለችው የቆርቆሮ ጋራዥ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብሏል። ዘይትና አፈር ተጋግሮበት መልኩ አይታይም። ከወረደ አይቀር ልጠበውና ቀለም ልቀባው አሰብኩ። ጎረቤቴ በያጅ ነው፤ ሞተሩ ተሰቅሎ የሚገላበጥበት ማቆሚያ እሠራልሃለሁ ብሎኛል። በቤንዚን ባጥበው ችግር አለው? ቀለሙንስ 600 ዲግሪ የሚችለውን ግዛ የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደስ አለኝ። ብዙ ሰው ሞተር ከወረደ በኋላ የሚያስበው ቶሎ ስለ መመለስ ብቻ ነው። መልሱን መጀመሪያ ባጭሩ ልንገርህ። ማቆሚያውን ጎረቤትህ ይሥራልህ፤ ግን ከታች ያለውን አንብብለት። ቤንዚኑን እርሳው። የ600 ዲግሪውንም ቀለም ለብሎኩ፣ ለሞተሩ ዋና አካል፣ አትግዛ። ምክንያቱን ስደርስበት እነግርሃለሁ።

ለመሆኑ ሞተር ለምን ይቀባል? መኪና ሻጭ ለዓይን ይቀባዋል። መቀመጫውን ብድግ ሲያደርገው ብልጭ ይላል፣ ገዢው ልቡ ይሰረቃል። እኔ የምቀባው ፍሳሽ ለማየት ነው። ዘይት የጋገረ ሞተር ከየት እንደሚያፈስ አይነግርህም። ሁሉም ቦታ ጥቁር ነው፣ ሁሉም ቦታ እርጥብ ነው። ንጹሕና ነጣ ያለ ሞተር ግን በሳምንቱ ያሳብቃል። ከቫልቭ ክዳኑ ይሁን፣ ናፍጣ ከሚገፋው ፖምፓ ይሁን፣ ዘይት በጀርባ እንዳይወጣ ከሚያግደው የኋላ ኦይል ሲል ይሁን፣ አንዲት መስመር ቁልቁል ትወርዳለች። አንተም አይተህ ትይዛታለህ። ስለዚህ ትልቁ ሥራ እጥበቱ ነው። ቀለሙ የግማሽ ቀን ነገር ነው።

አሁን ጎማው ላይ ሳለ ካምቢዮውን፣ የፍሪሲዮን ሳህኑንና ከኋላው ያለውን ከባድ ክብ ብረት፣ ቮላኖውን፣ ፍታ። ማቆሚያው የሚታሰረው ካምቢዮው በነበረበት የብሎኩ ጀርባ ላይ ነው። ስለዚህ ያንን የኋላ ፊት አሁኑኑ እጠበው። ማቆሚያው ላይ ከወጣ በኋላ ክንዶቹ ይጋርዱታል፤ እጅህ አይገባም። የኋላ ኦይል ሲሉንም አሁን ቀይር። «ደህና ይመስላል» ብለህ እንዳታልፈው። ዕቃው ርካሽ ነው። ነገ ማፍሰስ ሲጀምር ግን ካምቢዮ ማውረድ ሊኖርብህ ነው።

ማንሳቱ ላይ ልቆይ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። 5ኤል ባለ 3 ሊትር ናፍጣ ነው፣ ብሎኩም ጊዛ ነው፤ ቀልጦ የተቀረጸ ከባድ ብረት። ካምቢዮው ተፈቶ እንኳ ሁለት ኩንታልና ከዚያ በላይ አስበህ ተዘጋጅ። ሁለት ኩንታል ጤፍ ለሁለት ሰው ይከፈላል። ሞተር አይከፈልም። ከዓመታት በፊት ሱሉልታ አንድ ደንበኛ ግቢ ውስጥ ሰንሰለቱን ከጣራው ባህር ዛፍ ላይ አሰርኩት። ወፍራም ነው፣ ስንት ዓመት ቆሟል፣ ይችላል ብዬ። ትንሽ እንዳነሳነው ግንዱ ቀጭ አለ። ሞተሩ አንድ ክንድ ያህል ወረደ። ስሩ ጎማ ስለነበር ብሎኩ ተረፈ፤ ከታች ዘይት የሚይዘው ኮፓ ግን ተጨረማመተ። እግሬ እዚያ ያልነበረው በዕድል ነው። የጣራ እንጨት የተሠራው ቆርቆሮ እንዲሸከም ነው፤ ሞተር አታንጠልጥልበት። ክሬን ለአንድ ቀን የሚያከራይ ጋራዥ ፈልግ። ካጣህ ጎረቤትህ ከወፍራም የብረት ቱቦ ባለ ሦስት እግር ማንጠልጠያ ይሥራልህ። እግሮቹ እንዳይከፈቱ ከታች በሰንሰለት ይታሰሩ። ሰንሰለቱን የምታስረው ፋብሪካው ሞተሩ ላይ ባደረጋቸው የማንሻ ጆሮዎች ነው። የአየር ወይም የጭስ ማኒፎልድ ላይ አይታሰርም፣ በናይለን ገመድም አይሞከርም።

አሁን ማቆሚያው። ለጎረቤትህ ይህን ንገረው። እግሩ አራት ይሁን፤ ባለ ሦስት እግር ሲገፋ ይገለበጣል። የታችኛው ቱቦላሬ ወደ ፊት ረዝሞ ከሞተሩ አፍንጫ ስር ይድረስ፤ አለዚያ ክብደቱ ወደ ፊት ይደፋዋል። የሚሽከረከረው ቱቦ ግድግዳው ቢያንስ 4 ሚሊ ይሁን። ሞተሩ የሚታሰርበት ሳህን ፊቱን ቀና ያድርግ። ሞተሩ ሲንጠለጠልበት ራሱ ዝቅ ስለሚል፣ ቀድሞ ካልቀና አጎንብሶ ይቀራል። ቋሚው ከታች ባለው መጋጠሚያ ላይ የድጋፍ ብረት ይበየድ። አልቆ ሲመጣ ሞተሩን ከመስቀልህ በፊት ሁለት ሦስት ጎረምሳ ሳህኑ ላይ ይንጠልጠልበት። ካቃሰተ ይመለስ።

ቡሎኖቹን ደግሞ አደራ። የካምቢዮው ቡሎኖች እዚህ አይሆኑህም። የማቆሚያው ክንድ ውፍረቱ ከካምቢዮው ጆሮ ስለሚለይ ወይ ይረዝማሉ ወይ ያጥራሉ። ያጠረ ቡሎን ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ይይዝና ጥርሱን ነቅሎ ይወጣል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ብሎኩ ውስጥ የሚገባው ርዝመት የቡሎኑን ውፍረት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይሁን። ውፍረቱ 12 ሚሊ ከሆነ 18 ሚሊ ማለት ነው። የራስህን ቡሎን ለናሙና ይዘህ ሂድ፤ ጥርሱም መግጠም አለበት። ጭንቅላቱ ላይ የጥንካሬ ቁጥሩ 8.8 ወይም 10.9 የተጻፈበትን ግዛ። ምንም ያልተጻፈበትን ለአጥርህ በር ተወው።

ዘይቱን ሳታፈስ ሞተሩን እንዳታገላብጥ። ስታገላብጥ ሁለት ሰው ሁኑ፣ ቀስ አድርጉት። የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ስላለበት ላይኛው ክፍል ከባድ ነው፤ ከግማሽ ካለፈ በኋላ በራሱ ይሮጣል። ጣትህን ከማሰሪያው ቀዳዳ አርቅ።

ወደ እጥበቱ ልምጣ። ቤንዚን ለምን አይሆንም? ያጸዳል፤ በደንብ ያጸዳል። ግን ከዜሮ በታች ባለ ብርድ እንኳ ተንኖ እሳት ይይዛል። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ሄዶ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። አንተ ጋራዥ ውስጥ ታጥባለህ፣ በረንዳው ላይ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤትህ ግራይንደር ያስነሳል። ሌላ ምን ልበልህ? ነጭ ጋዝ ይሻልሃል፣ ካጣህ ናፍጣ። እነሱም ይነዳሉ፤ ግን በቀላሉ አይነሱም። በር ከፍተህ ሥራ፣ ከሰል አርቅ፣ ጓንት አድርግ።

ውሃም ሆነ ጋዝ ከማስነካትህ በፊት ቀዳዳ ሁሉ ይዘጋ። የአየር መግቢያው፣ የጭስ መውጫው፣ የናፍጣ ቱቦዎቹ፣ የኢንጄክተሮቹ ጫፍ፣ የዘይት መለኪያው ቀዳዳ። የፖምፓና የኢንጄክተር ውስጥ ክፍተት በማይክሮን ነው የሚለካው፤ ዓይንህ የማያየው አሸዋ ይጨርሰዋል። በላስቲክ ሸፍነህ በጎማ እሰር። ጨርቅ አትጠቅጥቅ። ተማሪዬ የጠቀጠቀው ጨርቅ አየር መግቢያው ውስጥ ተረስቶ አንድ ሙሉ ቀን ሞተሩ ለምን አልነሳም እያልን ተጨቃጭቀናል። ማስነሻው ሞተሪኖና ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ይፈቱ፤ ለብቻቸው በደረቅ ብሩሽ ይጸዳሉ።

መጀመሪያ በደረቁ ፋቅ። የቀለም መፋቂያ ወይም አሮጌ ካቻቢቴ ያዝ። ወፍራሙ ጋገራ በእጅ ይወርዳል፤ ነጭ ጋዝህን አታባክን። ከዚያ ነጭ ጋዙን በብሩሽ ቀባና ሃያ ደቂቃ ተወው። እንደገና ቀባና እሸው። ሲለቅ በሙቅ ውሃና በኦሞ እጠበው። ይህን ሁለተኛ እጥበት ሰው ይዘለዋል። ጋዝና ናፍጣ ስስ ቅባት ትተው ነው የሚሄዱት፤ ቀለም ደግሞ ቅባት ላይ አይዝም። ውሃ አፍስስበት። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ እንደ ጤዛ ከተሰበሰበ ቅባት አለ። ገጹን እኩል ካረጠበው ጸድቷል።

ኮስቲክ ሶዳ የሚመክሩህ ይኖራሉ። ጊዛ ላይ ይሠራል፤ አሉሚኒየምን ግን ይበላዋል። የትኛው ክፍል ምን እንደሆነ ለይተህ ካላወቅክ አትንካው።

እያጠብክ ዓይንህን ክፈት። ብሎኩ ጎን ላይ ክብ ክብ የላሜራ ቆቦች ታያለህ፤ ከኋላቸው የማቀዝቀዣው ውሃ ነው ያለው። በካቻቢቴ ጫፍ ኳ ኳ አድርጋቸው። ጠንካራ ድምፅ ካላቸው ደህና ናቸው። ከሰረጎዱ ወይም የዝገት እንባ ካላቸው ይቀየሩ። አብዛኞቻችን ራዲያተሩን የቧንቧ ውሃ እየሞላን ስለምንነዳ እነዚህ ቆቦች ከውስጥ ነው የሚበሉት። ሞተሩ ሲመለስ ዝገት በሚከላከለው የራዲያተር ፈሳሽ፣ በኩላንት፣ ሙላው። የእኛ ከፍታ 2,300 ሜትርን ያልፋል፤ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተርህ ክዳን ግፊት ካልያዘ፣ ንጹሕ ውሃ ሞልተህ አቀበት ስትወጣ ምን እንደሚመጣ ገባህ።

የቫልቮቹንና የፒስቶኖቹን ጊዜ የሚያስማማውን ታይሚንግ ቺንጋም እየው። መቼ እንደተቀየረ የማታውቅ ከሆነ ከነመወጠሪያው ቀይረው። ይህ ሞተር ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስቶኑ ከቫልቩ ይጋጫል። የውሃ ፓምፑንም በእጅህ አዙረው፤ ከተንቋቋ አብሮ ይቀየር። ሞተሩን ከመኪናው ጋር የሚይዙት ሱፖርቶዎች ከተሰነጠቁ እንደዚያው።

የታጠበበት ውሃ የት ይሂድ? ወደ መንገድ አትልቀቀው። ያንተ ሰፈር ከለገዳዲ ግድብ ብዙ አይርቅም፤ ከተማው የሚጠጣው ውሃ ነው እዚያ የተጠራቀመው። ሞተሩ ስር ሰፊ ላሜራ ወይም የተቆረጠ በርሜል አድርግ። ጥቂት ቀን ሲያድር ዘይቱ ይንሳፈፋል። ቅዳውና ከተቃጠለው ዘይት ጋር ለሚሰበስቡ ስጥ።

አሁን ማድረቅ። ክረምት ላይ ከሆንክ ታገስ። የተራቆተ ጊዛ በእርጥብ አየር ውስጥ በሰዓታት ያንጸባረቀው ሁሉ ቡናማ ይሆናል። ኮምፕሬሰር ካለህ ንፋ፤ ከሌለህ ፀሐይ ላይ አውጣው። ሌላም ነገር አለ። የእናንተ ሰፈር ሌሊት ብርዱ ይቆርጣል። ያን ያህል ክብደት ያለው ብረት የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዞ ያድራል። ጠዋት አየሩ ሲሞቅ ብረቱ ገና በረዶ ነው፤ እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ያልበዋል። ዓይንህ ላያየው ይችላል። በሁለት ሰዓት የተቀባ ሞተር በወሩ ቅርፊቱ ይነሳል። ከአምስት ሰዓት በኋላ ቀባ፣ መዳፍህ ብረቱ ላይ ብርድ ሳይሰማው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አትጀምር።

የላላውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አንሳ፤ የሚያንጸባርቅ አሮጌ ቀለም ካለ በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው። በቲነር በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ አንዴ ጥረገው፤ ከዚያ በባዶ እጅህ አትንካው።

የ600 ዲግሪው ነገር እንዲህ ነው። ቀለሙ ክፉ አይደለም፣ ቦታው ነው የተሳሳተው። እነዚህ ቀለሞች የሚጠነክሩት ሲጋገሩ ነው፤ 200 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለባቸው። ብሎክህ ግን ጤነኛ ከሆነ ከ100 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ቀለሙ ሳይበስል ይኖራል። ናፍጣ ጠብ ሲልበት እንደ ቅቤ ይላቀቃል። እሱ ለጭስ ማኒፎልድ ነው የተሠራው። ማኒፎልዱን እኔ ሳልቀባ እተወዋለሁ፤ እዚያ ያለው ሙቀት ተራ ቀለምን ዶግ አመድ ያደርገዋል።

ለብሎኩ የሞተር ኢናሜል ካገኘህ እሱን ውሰድ፤ የመኪና መለዋወጫ ሻጮችን ጠይቅ። ካጣህ ደህና የብረት ዘይት ቀለም ከዝገት መከላከያው አንቲረስት ጋር ይበቃል። ከጊዜ ብዛት ቢጫ ሊል ይችላል፤ ይበል። የግድግዳ ውሃ ቀለም አይሞከርም። ማጠንከሪያ የሚደባለቅበት ባለ ሁለት ጣሳ ዱኮ ከሁሉም ይጠነክራል፤ ግን ስትረጨው የሚወጣው ጉም ሳንባ ይጎዳል። ተራ የጨርቅ ጭንብል አያቆመውም። ልጆች ባሉበት ግቢ አትርጨው።

ቀለሙ ቀላል ግራጫ ወይም ሲልቨር ይሁን። ጥቁር አትቀባ፤ የፈራነውን ፍሳሽ መልሶ ይደብቅልሃል። ቀይም ያምራል፣ ግን የዝገት ውሃ ሲፈስበት አይለይም።

በብሩሽ ቀባ። እየሳቅህ ይሆናል፤ ግን እውነቴን ነው። የጊዛ ገጽ ሻካራ ስለሆነ የብሩሽ መስመር አይታይበትም። መብራት ሲጠፋ ኮምፕሬሰሩ መሃል ላይ አይከዳህም። ከፊት ለፊት ያለው የኮረኮንች መንገድ የሚያቦናውም አቧራ እንደ ስፕሬይ አይጣበቅበትም። ወለሉን ውሃ አርከፍክፍበት፣ በሩ ላይ ሸራ ጣል፣ መስኮቱን ግን ለአየር ተወው። አንድ ስስ አንቲረስት፣ ሁለት ስስ ቀለም። በየመሃሉ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቅ፤ በኛ ብርድ ትንሽ ጨምርበት። አንዴ ወፍራም ከቀባኸው ላዩ ይደርቅና ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል።

የማይቀባውን አስቀድመህ በማስኪንግ ቴፕ ሸፍን። ማሸጊያው ጓርኒሲዮን የሚያርፍባቸው ልሙጥ ገጾች አይቀቡም። የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድና ሞተሪኖው የሚታሰሩበት ቦታ አይቀባም፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ሞተሪኖህ ይለግማል። የፑሊ ቦይ፣ የጎማ ቱቦ፣ ኢንጄክተር፣ የዘይት ግፊት ሴንሰር፣ የማሞቂያ ካንዴላ ጫፍ እንዲሁ ይተዉ።

ከሁሉ በላይ የሞተር ቁጥሩ። ብሎኩ ላይ ተመትቶ ታገኘዋለህ። እዚያ ላይ ግራይንደር እንዳታስጠጋ! በሽቦ ብሩሽም አታሻሸው፤ በጨርቅና በነጭ ጋዝ ብቻ ጥረገው። ስስ ግራሶ ቀባና በቴፕ ሸፍነው። ለቦሎ ስትሄድ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። ተቦጭሮ ወይም በቀለም ተደፍኖ ካልተነበበ ከተሰረቀ ሞተር በምን ትለየዋለህ? አንድ ደንበኛዬ አዲስ ቀለም የተቀባ ሞተር ይዞ ሄዶ ቁጥሩ አልታይ ብሎ ሦስት ቀን ተመላልሷል። ጥፋቱ የኔ ተማሪ ነበር፤ በማግስቱ በካቻቢቴ ጫፍ ቀለሙን እየፋቅሁ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ከቀባህ በኋላ ጥቂት ቀን ተወው። ከዚያ ከማቆሚያው አውርደህ ዝቅ ባለ ባለ ጎማ ጣውላ ላይ አስቀምጠው፤ ቮላኖ፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ የሚገቡት እዚያ ነው። የፍሪሲዮኑ ሳህን መሃሉን ካልያዘ ካምቢዮው አይገባም። አሮጌ የካምቢዮ ዘንግ ካገኘህ በሱ አስተካክል፤ ካልሆነ እንጨት አስጠርበህ ሥራ። ካምቢዮው ጣት ያህል ክፍተት ትቶ እምቢ ካለ በቡሎን አትሳበው። ጆሮው ይሰበራል። አውጣና እንደገና ሞክር።

መኪናው ላይ የሚገባው እንዳወረድከው ከስር ነው። ሃይሷ ከፍ ብላ በአራት ጠንካራ የብረት መደገፊያ፣ በካቫሌቶ፣ ላይ ትቁም። በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና ስር እጅህ እንኳ አይግባ። ሞተሩ ወደ ላይ ሲሄድ አንድ ሰው ቱቦና ሽቦ ብቻ ይጠብቅ፤ ከፍሬም ጋር የሚቀረቀረው ሁልጊዜ እነሱ ናቸው። የሱፖርቶ ቡሎኖችን ሁሉንም በእጅ ካስገባህ በኋላ ነው የምታጠብቀው።

ዘይት ሞላ፣ ኩላንት ሞላ። ናፍጣ ፊልትሩ ላይ ባለው የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ አየሩን አውጣ። ከማስነሳትህ በፊት የፖምፓውን ማጥፊያ ሽቦ ንቀልና ሞተሪኖውን አዙር፤ ናፍጣ አይገባም፣ ዘይቱ ግን ይዳረሳል። በአንድ ጊዜ ከአስር ሰከንድ አታስበልጥ፣ ሞተሪኖውን አሳርፈው። የዘይቱ መብራት ሲጠፋ ሽቦውን መልስና አስነሳ።

መጀመሪያ ሲሞቅ ቀለሙ ይሸታል፣ ትንሽ ጭስም ሊያሳይህ ይችላል። አትደንግጥ፤ በሩን ክፈተው። ከሳምንት በኋላ የእጅ ባትሪ ይዘህ ግባና ዙሪያውን እይ። እርጥብ መስመር ካየህ ከታች ወደ ላይ ተከተላት። የምታፈሰው ላይኛው ጫፏ ላይ ነው፤ ከታች ያለው የወረደው ብቻ ነው።